የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲስተም በሎው ኮድ ይሠራ ወይስ በዴቨሎፐር?

ጥያቄውን ያነሳው፦ አለቃችን ከስልጠና ሲመለስ «ከእንግዲህ ኮድ መጻፍ ቀርቷል፤ ፎርሙን በማውስ እየጎተታችሁ ደርድሩ፣ አፑ በሳምንት ይደርሳል» አለን። የምሠራው የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ዕድሜዬን ጃቫ ስጽፍ ነው የኖርኩት። የሕዝብ አገልግሎት በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ፣ ሎው ኮድ በሚሉት፣ ይሠራ ትላላችሁ?

የባንክ ዴቨሎፐር፦ በፍጹም! ወሬው እኮ አዲስ አይደለም። ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጠነሰስም ኮዱን ሥራ አስኪያጁ ራሱ አንብቦ ይረዳዋል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ማይክሮሶፍት አክሰስ የተባለው የዳታቤዝ መሥሪያ መጣ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ የአክሰስ ፋይል ዛሬም ደመወዝ የሚያሰላበት ቢሮ ስንት ነው? ሠሪው ፓስወርዱን ይዞ ከለቀቀ ቆይቷል። ሎው ኮድ ማለት ያው ነው፤ ፎሬስተር የተባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ስም አወጣለት እንጂ።

የጤና መረጃ ባለሙያ፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትን የጤና መረጃ ሲስተም፣ ዲኤችአይኤስ 2ን፣ ምን ልትለው ነው? ቅጹንም ዳሽቦርዱንም የምናዋቅረው ኮድ ሳንጽፍ ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እንኳ ከሴቲንጉ መምረጥ ይቻላል። ከባዶ እንጻፈው ብንል ኖሮ እስካሁን ስብሰባ ላይ ነበርን።

የባንክ ዴቨሎፐር፦ እሱማ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ዴቨሎፐሮች የሚያለሙት ነው፣ እህቴ። ኮዱ ክፍት ነው፤ የራስሽ ሰርቨር ላይ ትጭኚዋለሽ። ከማይክሮሶፍቱ የሎው ኮድ መሣሪያ ከፓወር አፕስ ጋር አታወዳድሪው። እዚያ የቀን መምረጫው ላይ እስቲ ጳጉሜን ፈልጊ።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ እንጀራዬ ፓወር አፕስ ነው፤ ግን ዴቨሎፐር አያስፈልግም የሚለውን አልቀበልም። አንድ ክፍል የዕቃ መጠየቂያ አፕ ራሱ ሠራ እንበል። ዳታው ሼርፖይንት ላይ ነው፤ የማይክሮሶፍት የፋይልና የዝርዝር ማስቀመጫ ማለት ነው። መጀመሪያ ሸጋ ሆኖ ይሠራል። መዝገቡ ሲበዛ ግን «የድሮ ጥያቄዬ ጠፋ» የሚል ስሞታ ይጀምራል። አልጠፋም። ማጣሪያው (የሚፈለገውን መዝገብ የሚለየው ፎርሙላ) ዳታው ባለበት ቦታ ሊፈጸም የማይችል ዓይነት ከሆነ፣ አፑ የመጀመሪያዎቹን 500 ረድፎች ብቻ አምጥቶ እነሱ ውስጥ ይፈልጋል። ሴቲንጉን ከፍ ብታደርገው እስከ 2000 ነው፣ ከዚያ አያልፍም። የሚያሳዝነው ደግሞ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። ለተጠቃሚው ባዶ ዝርዝር ያሳየዋል፣ በቃ። ለሠሪው ማስጠንቀቂያ ይመጣለታል፤ ግን ማን ልብ ይለዋል? የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋውን ኤስኪውኤልን የለመደ ሰው ያንን ገና ሲጀምር ነው የሚጠይቀው።

አዲስ ምሩቅ፦ ታዲያ እኛ ምን እንማር? ሁለቱንም?

ከቨርጂኒያ፦ ዳታቤዝና የተጠቃሚ ፈቃድ ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ2021 አፕጋርድ የተባለ የሳይበር ደኅንነት ድርጅት በፓወር አፕስ ፖርታሎች የተሠሩ ድረ ገጾችን ፈትሾ 38 ሚሊዮን መዝገብ ለማንም ክፍት ሆኖ አግኝቶታል። የኮሮና ክትባት ቀጠሮ ሳይቀር። ሰብሮ የገባ ሰው የለም፤ የሰንጠረዥ ፈቃድ የሚባለው፣ ዳታውን ማን እንደሚያይ የሚወስነው ሴቲንግ ስላልበራ ነው። ማይክሮሶፍት ከመነሻው በርቶ እንዲመጣ ያደረገው ከዚያ ወዲህ ነው። እየጎተቱ መደርደሩንማ በሳምንት ትለምደዋለህ።

ግዢ ክፍል የምሠራ፦ እናንተ ስለ ኮድ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ስለ ዶላር ልጠይቅ። የፓወር አፕስ ፕሪሚየም የዝርዝር ዋጋ በሰው በወር 20 ዶላር ነው። 300 ሠራተኛ ላለው ቢሮ በዓመት 72,000 ዶላር መሆኑ ነው። በጀታችን በብር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ በገበያ ሲተመን ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። የዴቨሎፐር ደመወዝ ቢያንስ በብር ይከፈላል።

የጤና መረጃ ባለሙያ፦ ይከፈላል፤ ግን ዴቨሎፐሩ የተሻለ ሲያገኝ ጥሎን ይሄዳል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከባንክ ጋር በደመወዝ ይፎካከር? በጽሑፍ ያልተቀመጠ የጃቫ ኮድ ጥሎልን ከሚሄድ፣ የእኛው ሰው የሚያስተካክለው ቅጽ ይሻለናል። የባንኩ ወንድማችን ይቺን አልመለሳትም።

የባንክ ዴቨሎፐር፦ እሺ፣ እዚህ ላይ እውነት አለሽ። ግን ዕቃው ራሱ ጥሎሽ ቢሄድስ? ጉግል አፕ ሜከር የተባለውን የራሱን የሎው ኮድ መሣሪያ በጃንዋሪ 2021 ዘጋው። አፖቹን እንዳሉ ወደ ሌላ መድረክ ማዛወር አልተቻለም፤ እንደገና መሥራት ነበር። ክላውድ ኤስኪውኤል በተባለው የጉግል ዳታቤዝ ላይ የተቀመጠው ዳታ ግን አልተነካም።

ጥያቄውን ያነሳው፦ እንግዲህ ለአለቃዬ የሠራተኛ ዕረፍት ፈቃድ መጠየቂያና የስብሰባ አዳራሽ መያዣ በሎው ኮድ ይሁን፤ ክፍያና የባለጉዳይ መዝገብ ግን በእኛ ዳታቤዝ ላይ በኮድ ይሠራ ልለው ነው።

ግዢ ክፍል የምሠራ፦ የፈቃድ መጠየቂያውም 300 ላይሰንስ ይፈልጋል እኮ። ሠራተኛው በሙሉ ነው የሚሞላው።

ጥያቄውን ያነሳው፦ ኧረ ተወኝ! እሱን አላሰብኩትም።

የጤና መረጃ ባለሙያ፦ ክፍት ምንጭ የሆኑትን እያቸው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ዳታው ማን ጋ እንደሚቀመጥና በምን ፎርማት እንደምታወጡት አጽፉ።