ኦሬንጅ ፓይ ላይ ሁለት ከርነል ይዞ ሲነሳ ከሜኑ መምረጥ

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኦሬንጅ ፓይ ዋን (ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ አርምቢያን (ለእንዲህ ዓይነት ቦርዶች የተዘጋጀ ሊኑክስ) ጭኜ ለሱቅ ካሜራ መቅጃ እጠቀምበታለሁ። ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ከታደሰ ወዲህ የዩኤስቢ ዋይፋዩ ጠፋ፣ በድሮው ይሠራ ነበር። ሁለቱንም ይዤ ሲነሳ መምረጥ እፈልጋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ማንም ሳይነካው ራሱ መነሳት አለበት። ግሩብ (ሲነሳ የመምረጫ ሜኑ የሚያወጣ ፕሮግራም) ልጫን?

ጀጎል (ሐረር)፦
ግሩብ አያስፈልግም፣ ቦርዱ ላይ ያለው ዩ-ቡት (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ራሱ ሜኑ ያወጣል። ቡት ማውጫ ውስጥ "ኤክስትሊኑክስ" የሚል ፎልደር ፍጠር፣ በውስጡ "ኤክስትሊኑክስ ዶት ኮንፍ" የሚል ፋይል አድርግ። ዩ-ቡት ይህንን ከአርምቢያን የማስነሻ ስክሪፕት ከ"ቡት ዶት ኤስሲአር" አስቀድሞ ስለሚፈልግ ስክሪፕቱን አትንካ። ካልሠራልህ ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ የፋይሉን ስም ብትቀይር ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ፋይሉ አናት ላይ "ሜኑ ታይትል" ወይም "ፕሮምፕት 1" የግድ ነው፤ አለዚያ ምንም ሳይጠይቅ ዲፎልቱን ያስነሳል። "ታይምአውት 50" ማለት 5 ሴኮንድ ነው፣ የሚቆጥረው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ነውና። 0 አታድርገው! መልስ እስኪያገኝ ቆሞ ይቀራል፤ ሌሊት መብራት ከሄደ ካሜራህ ሰው እስኪመጣ አይቀዳም። "ዲፎልት" ላይ የምትጽፈው ስም ከአንዱ "ሌብል" (የምርጫ ስም) ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም።

በየሌብሉ ሥር "ሊኑክስ" (የከርነሉ ፋይል)፣ "ኢኒትአርዲ" (ሲነሳ የሚጫን ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት)፣ "ኤፍዲቲዲር" (የዲቲቢ ፎልደር፣ ማለትም የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚገልጹ ፋይሎች ያሉበት) እና "አፔንድ" (ለከርነሉ የሚሰጥ መመሪያ) ይገባሉ። አፔንዱ ላይ ሩቱን (ሲስተሙ ያለበትን ፓርቲሽን) በዩዩአይዲ (በመለያ ቁጥሩ) ጥቀስ፣ "ሩትዌይት" ጨምር። ይቺ ከተረሳች ከርነሉ ሚሞሪ ካርዱ ሳይዘጋጅ ሩቱን ፈልጎ ሊያጣና ፓኒክ ሊያደርግ (መነሳቱን አቁሞ ሊቀር) ይችላል። ቡት የራሱ ፓርቲሽን ከሆነ ደግሞ የፋይሎቹ አድራሻ ላይ "ቡት" የሚለውን አውጣ፣ ዩ-ቡት የሚቆጥረው ከፓርቲሽኑ ሥር ነው።

ከዚራ፦
አቦ፣ ዋናው ነገር ተዘለለ። የአርምቢያን የከርነል ፓኬጅ ስም ውስጥ የቨርዥን ቁጥር የለም፤ አዲሱ ሲገባ ድሮውን ከነሞጁሎቹ (እንደ ዋይፋይ ያሉ ዕቃዎችን ከሚያሠሩት ፋይሎች ጋር) ጠርጎ ይወስደዋል። ሜኑ ብትሠራም የምትመርጠው ድሮ ከርነል ላይኖር ይችላል። የድሮውን የከርነል ኢሜጅና ዲቲቢ ፓኬጅ አውርድና በ"ዲፒኬጂ-ዴብ" ሳትጭን ፍታው። ከዚያ ቪኤምሊኑዝ (የከርነሉ ፋይል)፣ ኮንፊግና የዲቲቢውን ፎልደር ወደ ቡት፣ ሞጁሎቹን ወደ "ሊብ ሞጁልስ" ቅዳ፣ "አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ" (ኢኒትአርዲውን የሚሠራው ትእዛዝ) በዚያው ቨርዥን አሂድ። እንዲህ የገባ ፋይል የፓኬጅ ማኔጀሩ ስላልሆነ ቀጣዩ ማደሻ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። የሞጁሉ ፎልደር ስም "ዩኔም -አር" ከሚያሳየው የከርነል ቨርዥን ጋር ካልገጠመ ዋይፋዩ በድሮውም ከርነል አይመጣም። ኤፍዲቲዲሩም ለየከርነሉ የየራሱ ይሁን፣ በሊንክ አታጋራው።

የሳቢያን ልጅ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ሜኑው የት ነው የሚታየኝ?

ጀጎል፦
በሲሪያል (በቦርዱ የጽሑፍ መገናኛ ፒኖች በኩል ከሌላ ኮምፒውተር) ብታየው ይሻላል። ባለ 3.3 ቮልት ዩኤስቢ-ቲቲኤል አዳፕተር አግኝ። ግራውንድ ከግራውንድ፣ ቲኤክስ (መላኪያው) ከአርኤክስ (ከመቀበያው)፣ አርኤክስ ከቲኤክስ ይገናኙ፤ የ5 ቮልቱን ሽቦ ተወው፣ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ፍጥነቱ 115200 ነው። ቁጥሩን ጽፈህ ኢንተር ትላለህ። "ስታርቲንግ ከርነል" ካለ በኋላ ጸጥ ካለ መጀመሪያ አፔንዱ ላይ "ኮንሶል" መኖሩን እይ።

አሸዋ ሜዳ፦
ራስበሪ ፓይ ላይስ ይሄው ነው?

ከዚራ፦
አይደለም። የሱ ፈርምዌር የሚያነበው "ኮንፊግ ዶት ቲኤክስቲ"ን ነው፣ ሜኑም የለውም። አዲስ ከርነል ለመሞከር "ትራይቡት ዶት ቲኤክስቲ" አዘጋጅና በ"ሪቡት" ላይ "0 ትራይቡት" ጨምረህ አስነሳው፤ አንዴ ብቻ በእሱ ይነሳል፣ ቀጥሎ ሲነሳ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።