ጡረታው ይቆረጥ ወይስ ወንበሩ ይጠበቅ? ጡረታ እየበሉ መቀጠር ላይ ክርክር

የሰው ሀይል ሰራተኛዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላንሳና እንከራከርበት። የመንግስት ሰራተኛ ጡረታ ወጥቶ ተመልሶ መንግስት ቤት ሲቀጠር ጡረታው ይቁም ወይስ ሁለቱንም ይብላ? የኔ አቋም ጡረታው አይነካ ነው፣ ወንበሩ ግን ለተተኪው ይጠበቅ። ጡረታ ችሮታ አይደለም፣ ስንት አመት ሙሉ በየወሩ ከደሞዙ እየተቆረጠ የተጠራቀመ የራሱ ላብ ነው። ግን ደግሞ በስራዬ አይቼው እስካሁን የሚያንገበግበኝ ነገር አለ፣ አንድ ሀላፊ አርብ ስጦታ ተሰጥቶት ሁላችንም ጨብጠን ሸኘነው፣ ሰኞ ጠዋት እዛው ቢሮ እዛው ወንበር ላይ "አማካሪ" ሆኖ አገኘነው፣ ካፖርቱ እንኳን ከመስቀያው አልወረደም። ከሰአት ውሉ ፋይል እንዲደረግ ወደኔ መጣ፣ ሳየው የተፈረመበት ቀን ከስንብቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ቦታውን ስትጠብቅ የኖረችው ምክትሉ ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች።

ስራ ፈላጊው፦
እህቴ እራስሽ መልሰሽዋል እኮ። ጡረታው ካልተነካ ሰውየው ለምን ወንበሩን ይለቃል? መስሪያ ቤቱስ ለምን አዲስ ሰው ይቀጥራል? ጡረተኛው ሌላ ገቢ ስላለው በትንሽ ደሞዝም እሺ ይላል፣ እድገት አይጠይቅም፣ ስልጠና አይፈልግም። እኛ ደግሞ ተመርቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆመን "የስራ ልምድ 8 አመት" የሚል እናነባለን፣ ልምዱን የት ሄደን እናምጣው?

ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፦
ልጄ የምትለው ይገባኛል፣ ግን ሁሉንም በአንድ አይን አትየው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ደውለው ለምነው ነው የመለሱኝ፣ የማታ ተረኛ ጠፍቶ። አንድ ሌሊት ወጣቷ አዋላጅ የናትየውን ሆድ ዳብሳ ጭንቅላቱ ታች ነው አለች፣ እኔ እጄን ሳሳርፍ ላይ በኩል ያለው ነው ክብና ጠንካራው፣ ልጁ በመቀመጫው ነው የሚመጣው። እጇን ይዤ እዛው ቦታ አስነካኋት፣ ዳግመኛ አትሳሳትም። ይሄን በወረቀት አታስተምረውም። እና ለዚህ ስራ ጡረታሽ ይቆረጣል ብባል ለምን እመጣለሁ? በግማሽ ደሞዝ እንደመስራት ነው። እንግሊዞች እንኳን በ55 አመታቸው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ነርሶችና አዋላጆች 60 ሳይሞላቸው ሲመለሱ ጡረታቸውን ይቀንሱባቸው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ያንን ደንብ ወዲያው አገዱት። ሰው ሲያስፈልግ ደንቡ እንቅፋት መሆኑ ገባቸዋ!

የሂሳብ ባለሙያው፦
ሁለታችሁም "ይቁም" እና "አይቁም" ብቻ ነው ያያችሁት፣ መሀል ላይ ብዙ መንገድ አለ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችውን ሕግ እዩት፣ ጡረታውና አዲሱ ደሞዝ ተደምሮ የድሮ ስራው ዛሬ ከሚከፍለው ደሞዝ ካለፈ ትርፉ ከጡረታው ላይ ይቀነሳል፣ እስከዛ ድረስ ግን ማንም አይነካውም። አሜሪካ ደግሞ በሶሻል ሴኩሪቲ፣ ይሄ የመንግስት ሰራተኛ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ጡረታ ነው፣ ሙሉ የጡረታ እድሜው ያልደረሰ ሰው ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ካገኘ ለእያንዳንዱ 2 ዶላር 1 ዶላር ይያዝበታል፣ በኋላ ሲደርስ ግን አበሉ ተሰልቶ ከፍ ይልለታል። ሙሉ የጡረታ እድሜው ለደረሰ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ጨርሰው አንስተውታል። ደግሞ ወንድሜ፣ ሽማግሌ ሲሰራ ወጣት ስራ ያጣል የሚለውን የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ጆናታን ግሩበርና ዴቪድ ዋይዝ 12 አገር ላይ አስጠንተውት ማስረጃ አልተገኘለትም።

ስራ ፈላጊው፦
እሱ ለአገር ኢኮኖሚ ነው ጋሼ። አገር ላይ ስራ ሊሰፋ ይችላል፣ መንግስት መስሪያ ቤት ውስጥ ግን መደቡ በቁጥር ነው፣ በጀት የተያዘለት አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው አይቀመጥም። አንድ ሰው ተቀመጠ ማለት ሌላው ቆመ ማለት ነው፣ ምክትሏን አልሰማህም?

የሰው ሀይል ሰራተኛዋ፦
እኔም እሱን ነው ምለው፣ ችግሩ ያለው መደቡ ላይ ከሆነ ለምን ጡረታውን እንቀጣለን? ጡረታውን ብትቆርጥበት ያ ሀላፊ ግል ድርጅት ይሄድና ሁለቱንም ይበላል፣ የምንቀጣው ወደ ህዝብ አገልግሎት የሚመለሰውን ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ የመንግስት ሰራተኞች ጡረታ ላይ ያለው አሰራር ይሻለኛል፣ ጡረታው አይነካም፣ ግን ከወጣ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ ብዙውን ጊዜ አይመለስም፣ ከተመለሰም በበጀት አመቱ ከ960 ሰአት በላይ አይሰራም። ከ180 ቀን በፊት በግድ ያስፈልጋል ከተባለ ጉዳዩ በግልፅ ስብሰባ ቀርቦ መፅደቅ አለበት፣ ከሌላ ተራ ጉዳይ ጋር ጠቅልሎ ማሳለፍ አይቻልም። እኔ ጋ ቢሆን ኖሮ ያ ውል ከስንብቱ በፊት ሊፈረም አይችልም ነበር።

ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፦
180 ቀን ለቢሮ ይሁን፣ ምጥ የያዛት እናት ግን ስድስት ወር አትጠብቅም። ለሆስፒታልና ለክፍል መምህር ልዩ መንገድ ይኑረው እንጂ በአንድ መስፈሪያ ሁሉን አትስፈሩ።

ስራ ፈላጊው፦
እሺ እማማ፣ ለእርስዎ አይነቱ ይቅር፣ ልቤ ተነክቷል። ግን የሚመለስ ሁሉ ከጎኑ አንድ አዲስ ተቀጣሪ ይመደብለት፣ የሚያስተምረው ሰው ስሙ ውሉ ላይ ይፃፍ፣ ካላስተማረ ውሉ አይታደስ። ሀላፊዎቹን በተመለከተ ግን አልተስማማሁም፣ እዛው ወንበር ላይ የተመለሰ ሀላፊ ጡረታው ይቁም፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ካገለገለ ይውሰድ።

የሰው ሀይል ሰራተኛዋ፦
የስሙን ነገር ወድጄዋለሁ፣ ነገ ስራ ስገባ ለአለቃዬ በፅሁፍ አቀርበዋለሁ። ጡረታ ማቆሙ ላይ ግን ለሀላፊም ቢሆን እምቢ እንዳልኩ ነኝ።