ጥቆማ፦ ማንበብና መጻፍ ለሚከብደው ተማሪ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?

ጥያቄ

የ14 ዓመት ልጄ ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ የሚያከብድ ችግር) እንዳለበት ከተነገረን ጥቂት ወራት ሆነን። ኮምፒውተር አለው፤ መጠቀምም ይወዳል። አንዱ ይህን ጫኑለት ይለኛል፣ ሌላው ያንን ግዙለት ይለኛል። አምስት ፕሮግራም ጫንን፤ ጥናቱ ግን ፈቀቅ አላለም። የሞከራችሁት ካለ ብትጠቁሙኝ።

መልስ

እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ለዓመታት አስጠንቻለሁ። ፕሮግራም ከመምረጥዎ በፊት ልጁ የሚሰናከለው የት ላይ እንደሆነ ይለዩ። ገጹን አንብቦ መጨረስ ያቅተዋል? አንብቦ ይረሳል? ወይስ በአፉ አሳምሮ የሚያስረዳውን ወረቀት ላይ ሲያሰፍር ሁለት መስመር ላይ ይቀራል? ለሦስቱም የሚሆን አንድ መሣሪያ አላገኘሁም።

ችግሩ ንባብ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ማይክሮሶፍት ኤጅ የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ ይሞክሩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ገጹን ጮክ ብሎ ያነብባል፤ የሚያነበውን ቃልም እያቀለመ ይሄዳል። መቅደስና አምሃ የተባሉ የአማርኛ ድምፆችም አሉት። ኤፍ 9 ሲጫኑ ደግሞ ኢመርሲቭ ሪደር የተባለው የንባብ ገጽታ ይከፈታል። ሁሉም ገጽ ላይ አይሠራም፤ በሠራበት ግን ማስታወቂያውና ጌጣ ጌጡ ጠፍቶ ጽሑፉ ብቻ ይቀራል። አንድ፣ ሦስት ወይም አምስት መስመር ብቻ አሳይቶ ሌላውን የሚያጨልም ምርጫም አለው። አንድ ተማሪዬ ጣቱን ካላስቀመጠ በቀር ያነበበው መስመር ላይ ተመልሶ ይገባ ነበር። ሦስት መስመር ብቻ ስናሳየው መጀመሪያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። የድምፁንም ፍጥነት ቀንሰን ነበር የጀመርነው፤ ከሳምንታት በኋላ “ይህ ሰውዬ ተንቀረፈፈ” ብሎ ራሱ ጨመረው።

ይሁን እንጂ ድምፁን ከፍቶ መቀመጥ ሬዲዮ ከማዳመጥ አይለይም። እኔ የማስለምዳቸው እንዲህ ነው፦ ልጁ ባዶ ገጽ ከፍቶ የምዕራፉን ንዑስ ርዕሶች ብቻ ይገለብጣል። እያንዳንዱን ርዕስ ወደ ጥያቄ ይቀይራል፤ “የደም ዝውውር” የሚለው “ደም ከልብ ወጥቶ የት የት ይደርሳል?” ይሆናል። ከዚያ እስከሚቀጥለው ርዕስ ብቻ ያዳምጥና ያቆማል፤ መልሱንም ወደ መጽሐፉ ሳይመለከት በራሱ ቃል ከጥያቄው ሥር ይጽፋል። አዝጋሚ ነው። ቢሆንም ምዕራፉ ሲያልቅ የፈተና ማጥኛው በእጁ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። መጀመሪያ ሰሞን የመማሪያ መጽሐፍ በስካነር አንስቼ ለአንዲት ተማሪ ሰጠኋት፤ ፕሮግራሙ ጭጭ አለ። ለካ ገጹ ፎቶግራፍ ነው፤ በውስጡ ፊደል የለም። እንዲህ ያለውን ፋይል ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጦ በጎግል ዶክስ መክፈት ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል። ስህተት ግን አያጣውምና ልጁ ከመክፈቱ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት።

ከሚከፈልባቸው የንባብ ፕሮግራሞች ውስጥ ከርዝዌይል 3000 ጠንካራ ነው፤ ልጁ በቀለም ያሰመረበትን ለቅሞ ወደ ማስታወሻ ያወጣለታል። ቢሆንም ከላይ ያለውን ሥራ ሳይለምድ ከተገዛለት፣ ገጹን በሙሉ ቢጫ ቀብቶ ነው የሚመለሰው።

ችግሩ መርሳት ከሆነ አንኪ የተባለውን የጥያቄና መልስ ካርድ ፕሮግራም እመክራለሁ። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነጻ ነው፤ በአይፎን ግን ይከፈልበታል። ያወቀውን ካርድ እያራቀ፣ የሳተውን እያቀረበ ይጠይቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ፣ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በልጠው ታዩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን ለማስታወስ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ።

ሌላ መልስ

በአንኪ ላይ ከመምህሩ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልጄ ትኩረቷን መሰብሰብ ይከብዳታል። ፕሮግራሙ ሲጫን በቀን 20 አዳዲስ ካርዶች ይሰጣል፤ እሷ አንድ ሳምንት ታመመችና ስትመለስ ከመቶ በላይ ካርድ ተከምሮ ጠበቃት። ክዳኑን ዘጋችው፤ ለወር ያህልም አልከፈተችውም። አሁን በቀን 5 አድርገነዋል፤ ካርዶቹንም ራሷ ትጽፋለች። ሰው የሠራውን ጥቅል አውርዶ መስጠት እኛ ቤት አልሠራም።

ስለ ፊደል ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ዲስሌክሲያ ላለባቸው ተብሎ የተሠራውን ኦፕንዲስሌክሲክ የተባለ የፊደል ዓይነት ብዙ ሰው ይጠቁማል። ነጻ ስለሆነ መሞከሩ አይጎዳም፤ ነገር ግን የተደረጉት ጥናቶች ንባብ እንደሚያፋጥን አላሳዩም። የተሻለ ማስረጃ ያለው የፊደላትን ክፍተት ማስፋት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ዲስሌክሲያ ባለባቸው 74 የጣሊያንና የፈረንሳይ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ባለ 14 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ) ጽሑፍ ላይ በፊደላት መካከል 2.5 ነጥብ ሲጨመር ስህተታቸው በጉልህ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህን በዎርድ ውስጥ በደቂቃ ያስተካክሉታል።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኛ ችግር ሦስተኛው፣ ጽሑፉ ነው። ጥያቄውን በአፉ ያስረዳኛል፤ ጻፍ ስለው ዝም ይላል። በድምፅ የሚጽፍ ነገር አስከፈትኩት፤ ያለ አራት ነጥብ አንድ ገጽ ሙሉ ወጣና ራሱም ማንበብ አቃተው።

መልስ

እንኳን ሞከሩት። ጎግል ዶክስ በድምፅ ሲጽፍ አማርኛም ይቀበላል፤ የጎደለው ከእሱ በፊት የሚመጣው ሥራ ነው። ፍሪፕሌን የሚባል ነጻ የሐሳብ ካርታ መሥሪያ ይጫኑለት። ርዕሱን መሐል ላይ አድርጎ በየቅርንጫፉ ከሦስት ቃል ያልበለጠ ሐሳብ ይጻፍ፤ የቃሉ አጻጻፍ ቢሳሳትም አያርሙት። ቅርንጫፎቹን እየጎተተ ቅደም ተከተላቸውን ይወስን። ከዚያ ማይክሮፎኑን ከፍቶ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ብቻ ይናገር፤ ማይክሮፎኑን ይዝጋ፤ አዲስ መስመር ይጀምርና ወደ ሁለተኛው ይለፍ። ሲጨርስ ጽሑፉን በፒዲኤፍ አውርዶ በኤጅ ይክፈተውና መልሶ ያንብብለት፤ ዓይኑ ያለፈውን ስህተት ጆሮው ይይዘዋል፤ አራት ነጥቡንም ድምፁ መቆም በነበረበት ቦታ ራሱ ያስገባዋል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ግን ካርታውን ብቻ ይሥራ፤ ማይክሮፎኑን ለነገ ያቆዩት።