ወደ ዊንዶውስ 11 ከተሻሻለ በኋላ በኬብል መግባት አልተቻለም

የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮች በኬብል ወደ ኔትወርኩ የሚገቡት በ802.1ኤክስ ማረጋገጫ (ኔትወርኩ ከመፍቀዱ በፊት የሚገባውን ማንነት የሚያጣራበት ደንብ) ነው፤ ስልቱም ፒኢኤፒ ከኤምኤስቻፕ ቪ2 ጋር፣ ማለትም በተመሰጠረ መስመር ውስጥ በይለፍ ቃል የሚያረጋግጥ ነው። በዊንዶውስ 10 ሠራተኛው ኮምፒውተሩን የከፈተበት የይለፍ ቃል ይበቃ ነበር። ወደ ዊንዶውስ 11 ኢንተርፕራይዝ 22ኤች2 ያሻሻልናቸው ግን ማረጋገጫውን አያልፉም። የይለፍ ቃሉ በእጅ ሲጻፍ ይገባሉ፣ በማግስቱ ግን የይለፍ ቃሉን እንደገና ይጠየቃሉ።

ገመድ ቀይሬያለሁ፤ የሰርቨሩ ሰርተፍኬትም ጊዜው አላለፈም። ያልተሻሻለ ኮምፒውተር በዚያው የስዊች (ኬብሎቹ የሚሰኩበት የኔትወርክ መሣሪያ) ወደብ ላይ ወዲያው ስለሚገባ ስዊቹን አልጠረጥርም። የምጠረጥረው ይህ እትም በራሱ የሚያበራውን ክሬደንሻል ጋርድ የተባለውን የዊንዶውስ ጥበቃ ነው፤ ኤምኤስቻፕ የመግቢያውን የይለፍ ቃል በቀጥታ እንዳይወስድ ይከለክላል። የይለፍ ቃል ስርቆትን የሚከላከል ጥበቃ ስለሆነ ማጥፋቱን ፈጽሞ አልፈልግም። በይለፍ ቃል ፈንታ በሰርተፍኬት ወደሚያረጋግጠው ኢኤፒ ቲኤልኤስ እስክንሸጋገር ድረስ፣ ጥበቃው እንደበራ ሠራተኞቹ በየቀኑ ሳይጠየቁ በኬብል የሚገቡበት መንገድ አለ?