የማርከስ ሳሙኤልሰንን የሕይወት ታሪክ ያነበበ አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የሼፍ ማርከስን «የስ፣ ሼፍ» ጀምሬ የእናቱ ታሪክ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሳንባ ነቀርሳ ይዟት፣ ልጆቿን ይዛ በእግሯ አዲስ አበባ ገባች። እዚያው አረፈች። እኔም እናቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው። ፎቶዋ እንኳ የለኝም። መጽሐፉ ራስጌዬ ከተቀመጠ ሦስት ቀኑ። ቀጣዩም እንዲህ ይከብዳል?

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ። በማደጎ ያሳደጉት ቤተሰቦቹ ጋ፣ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ስትደርሺ ሄልጋ የምትባል አያት አለች። ምግብ ማብሰል ያስተማረችው እሷ ናት። እዚያ ትንሽ ትተነፍሻለሽ።

መልስ 2፦ እኔ ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ላይ ሬድ ሩስተር የተባለውን ምግብ ቤቱን እስኪከፍት (2010 እ.ኤ.አ.) ያየውን ድካም አውቀዋለሁ። አባቱ ጋ ስትደርሺ ግን ሶፍት አዘጋጂ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እቀጥላለሁ።