ከደሴ ውርጭ ሸሽቶ በመኪና ውስጥ ለመሰንበት የትኛው የውኃ ዳርቻ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሸዋ በር

እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ፣ የውኃ በርሜልና የጋዝ ምድጃ ያስገጠምሁለት ሚኒባስ አለኝ፤ ለአንድና ለሁለት ሌሊት አድረንበት ተመችቶናል። ዘንድሮ ግን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ፣ የጦሳ ውርጭ አጥንት ዘልቆ በሚገባበት ጊዜ፣ ሞቅ ባለ የውኃ ዳርቻ ለመሰንበት አስበናል። ምክንያታችን የባለቤቴ የጉልበት ሕመም ነው፤ ብርዱ ሲጠና ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሣታል። የስኳር ሕመም ስላለባትም ኢንሱሊን ትወስዳለች።

ያሰብናቸው ቦታዎች ሐይቅ፣ ላንጋኖ እና በጅቡቲ የሚገኘው የታጁራ ባሕር ዳርቻ ናቸው። ሐይቅ ቅርባችን ነው፤ ላንጋኖን ልጆቻችን ይመርጡልናል፤ ታጁራን የመረጠችው ባለቤቴ ስትሆን፣ በልጅነቷ አሰብ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያየችውን ባሕር እስካሁን እያነሣች ታወራለች። ከመንገዱ፣ ከአየሩና ከጤናው አንጻር የቱን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ከሐይቅ ከተማ

የአገሬን ስም ማንሣትዎ ደስ ቢያሰኘኝም ለዚህ ጉዳይ ሐይቅን አልመክርዎትም። ውኃው ራሱ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ፣ ከደሴ ወርደው የሚያተርፉት ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ንጋት ላይ ደግሞ እኛም ጋቢያችንን አንጥልም። ለቅዳሜና እሑድ ይምጡ፣ ዓሣውን እኔ አበላዎታለሁ፤ ለሁለት ወር ተኩል ግን አይሆንም።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበርሁ

ወንድሜ፣ እስከ 1990 ዓ.ም. በአሰብ መንገድ፣ ከዚያ በኋላ በጅቡቲ መንገድ ስመላለስ የኖርሁ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርዎት። ሙቀቱን የሚሰጠው በመጀመሪያ ቁልቁለቱ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ባቲ 1,500፣ ሰመራ ደግሞ 430 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ባሕሩ የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው፦ በደረቁ የአፋር ሜዳ ቀንና ሌሊቱ በጣም ሲራራቁ፣ በባሕር ዳር ግን ውኃው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልሰው ንጋቱ አይቀዘቅዝም። ሌሊት ለሚታመም ጉልበት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ላንጋኖ 1,585 ሜትር ላይ ነው፤ ቢልሃርዚያ የሌለበት ውኃ ስለሆነ ሰው ሳይፈራ ይዋኝበታል፣ ዳርቻው ላይም መኪና አቁመው የሚያድሩባቸው ሎጆች አሉ። ሆኖም ከደሴ አዲስ አበባ 400፣ ከዚያም 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው የሚያገኙት ሌሊት በታኅሣሥ ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው ሌሊት ነው። በዚህ ላይ የደብረ ሲናን ዳገት መውጣት አለብዎት። ለልጆችዎ ጥሩ መዝናኛ ነው፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም።

የታጁራው መንገድ በባቲ አድርጎ ሚሌ ላይ ከአዋሽ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በሎግያና በሰመራ በኩል ወደ ጋላፊ ኬላ ይደርሳል። ሐረጎንና የባቲን ቁልቁለት በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ይውረዱ፤ አልጋና በርሜል የተጫነበት ሚኒባስ ከለመዱት የበለጠ ስለሚከብድ የፍሬኑ ሸራ ሲግል አይይዝም። በርሜሉን ደሴ ላይ አይሙሉት፤ 200 ሊትር ውኃ ማለት 200 ኪሎ ነው፣ ባቲ ላይ ይቀዳል። የጎማውን ንፋስ ጎማው ሳይግል ጧት ያስለኩ፤ በረሃ ላይ ግሎ ሲነፋ አይቶ ንፋስ የሚያስወጣ ሰው በማግስቱ በለሰለሰ ጎማ ይነዳና ያፈነዳዋል። ስኮርታውን አንድ ብቻ አድርገው ሚሌን አይለፉ። በአፋር ምድር ሲያቆሙም ወርደው ሰላምታ ይስጡ፣ ከየት እንደመጡና ምን እንዳዩ ይናገሩ፤ አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ ነው፣ እርስዎም በምትኩ የፊቱን መንገድ ሁኔታ ከማንም ቀድመው ይሰማሉ።

መልስ፦ ከባቲ፣ ነርስ

ጋሼ፣ ስለ መኪናው ብዙ ስለተባለ እኔ ስለ ኢንሱሊኑ ልጻፍ። ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል። ደሴ ውስጥ ቤቱ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አላስቸገራችሁ ይሆናል፤ ቆሞ ፀሐይ የሚመታው ሚኒባስ ውስጥ ግን በአንድ ቀን ሊበላሽ ይችላል። ያልተከፈተው በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ይፈልጋል። የተከፈተውን እርጥብ አሸዋ በተሞላ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ እኛ ጋ በደረቁ አየር በደንብ ይሠራል፤ በባሕር ዳር ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሸክላው እንደ ልብ አያቀዘቅዝም፣ በእርሱ አይተማመኑ። ሙቀት ኢንሱሊኑን በፍጥነት ወደ ደም ስለሚያስገባም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳሯን አዘውትራችሁ ለኩ። በጋለ አሸዋ ላይ ባዶ እግሯን እንዳትሄድ፤ እግራቸው የሚደነዝዝ ሰዎች ቃጠሎውን ሳያውቁት ይቆስላሉ።

ወባን በተመለከተ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በቆላው የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ በአጎበር ተኙ፣ በመስኮቶቹም ላይ ወንፊት አስገጥሙ። እባካችሁ ደግሞ የቡናውን ከሰል ዝግ መኪና ውስጥ አታቀጣጥሉ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

መልስ፦ የወረባቦ ልጅ፣ በጅቡቲ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ

አብሽሩ፣ ባለቤትዎ በደንብ መርጠዋል። በታኅሣሥና በጥር የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ቀኑ 28 ወይም 29 ዲግሪ ሲሆን ሌሊቱ ከ22 ብዙም አይወርድም፤ ያው አገር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ40 በላይ ስለሚሆን ቀን አሳልፋችሁ እንዳትቆዩ። ከጋላፊ ገብተው ጅቡቲ ከተማ ሳይደርሱ ወደ ታጁራ የሚገነጠለውን መንገድ ይይዛሉ፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር በሚገኘው የአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፎ ባሕረ ሰላጤውን ይዞራል። ታጁራ ጸጥ ያለች የአፋሮች ከተማ ናት፤ አፋርኛ የሚሞክር ሰው እንደ ዘመድ ይታያል።

ችግሩ ወጪው ነው። አትክልቱም ፍራፍሬውም አብዛኛው ከእኛው አገር ስለሚሄድ፣ ደሴ ገበያ የሚያውቁትን ቲማቲም እዚያ በፍራንክ ሲገዙት ያስደነግጣል፤ ሽሮና በርበሬውን ከቤት ይያዙ። የአገር ውስጥ ኢንሹራንስ ከኬላው ወዲያ ስለማይሠራ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለውን ድንበር ተሻጋሪ የመኪና ኢንሹራንስ ከኢንሹራንስ ድርጅትዎ ይግዙ፤ ስለ መግቢያ ፈቃዱና ስለ መኪናው ጊዜያዊ መግቢያ ደግሞ አዲስ አበባ ያለውን ኤምባሲ ቀድመው ይጠይቁ። የመድኃኒቱ ማዘዣም ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሸዋ በር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በባሕሩ አፋፍ፣ አሸዋው ላይ ማቆም ይቻላልን? ጨዉስ መኪናውን አይበላውም?

መልስ፦ የወረባቦ ልጅ

አሸዋው ላይ አያቁሙ፤ ጎማው ሌሊቱን ይሰጥማል፣ ማዕበሉም ከፍ ሲል ይደርሳል። ጠጠር ያለበትን ከፍ ያለ መሬት ይምረጡ፣ ከመንደሩ ሰው ፈቃድ ይጠይቁ፣ ዘበኛም ይያዙ። ጨዉ ይበላዋል፤ እኔ በየሳምንቱ ሆዱን በጨው አልባ ውኃ አሳጥበው ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ የጭስ ማውጫው በሁለተኛው ዓመት ተበሳ።

መልስ፦ ከደሴ፣ ሸዋ በር

እንግዲያው እንዲህ ወስነናል። ፍሪጁን አስገጥሜ በኅዳር አጋማሽ ባቲ ላይ ሁለት ሳምንት እንቀመጣለን፤ ጉልበቷ ከተሻላትና ስኳሯ ካልተዛባ የመንገዱን ሁኔታ አጣርተን ወደ ታጁራ እንወርዳለን። ካልሆነም ባቲ ላይ እንቀራለን፣ ባሕሩንም ለሌላ ዓመት እናቆየዋለን፤ ባለቤቴ ግን ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እንዳልጽፍ ነግራኝ ነበር።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበርሁ

ሰኞ ባቲ አይግቡ፤ ገበያው ስለሆነ መንገዱ በግመልና በሰው ይሞላል። ማክሰኞ በማለዳ ይነሡ፣ ሲያልፉ ኮምቦልቻ ላይ ደውሉልኝና ፍሬኑን አብረን እናየዋለን።