በሞተርሆም (መኝታና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና) ለሚጓዝ ሰው ስኮርታ ጎማ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ከዴንቨር ከተማ ወደ ዩታ ግዛት የምንጓዝበት አሮጌ ሞተርሆም ስኮርታ ጎማ የለውም። ክብደቱ ስለሚያሳስበኝ፣ የመንገድ ላይ እርዳታ ውል ብቻውን ይበቃኝ ይሆን?

መልስ፦ ይያዙ እላለሁ። ዩታ ውስጥ በ70ኛው አውራ ጎዳና ከግሪን ሪቨር ከተማ እስከ ሳሊና ከተማ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳጅ ማደያ እንኳ የለም፤ እርዳታ ሰጪው ቢደርስልዎትም በልክዎ የሚሆን ጎማ ላይዝ ስለሚችል፣ ከባድ ክሪክ ባይኖርዎትም ጎማው ከእርስዎ ጋር መሆኑ ብዙ ሰዓት ያድንልዎታል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም አስቀድመው የጎማዎቹን ዕድሜ ይመልከቱ። ሞተርሆም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቆም ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ከጎማው ጎን የተጻፈው የዶት ቁጥር (DOT ብሎ የሚጀምረው የጎማው መለያ) በ2319 ካበቃ፣ በ2019 (በፈረንጆቹ መሆኑ ነው) 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ የእኔዎቹ በ1114 ያበቃሉ፣ ስለዚህ ስድስቱንም ቀይሬ ሰባተኛውን እጭናለሁ።